ማየትና መታየት፦ የሂንዱ እምነትና ሥርዓት በሥዕል ሲገለጥ

ከቀድሞዋ የኢስት ዮርክ ከተማ ደቡባዊ ወሰን አጠገብ ከሚያልፈው ከዳንፎርዝ ጎዳና ተነሥቶ በግሪንዉድ በኩል ወደ ኦንታርዮ ሐይቅ አቅጣጫ የሚወርድ እግረኛ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሁለት የስደተኞች ገበያ ያልፋል። አንደኛው የኢትዮጵያ ተወላጆች ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚገኙበት የዳንፎርዝ ክፍል ነው። ሁለተኛው፣ ናዝ የተባለው የሕንድ ፊልም ማሳያ በ1972 ከተከፈተ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕንድ ገበያ እየተባለ የሚታወቀው የገራርድ ጎዳና ነው። ኢስት ዮርክ በ1998 መባቻ ከቶሮንቶ ጋር ተዋሕዳ የራሷ አስተዳደር ቀርቶባታል፤ ስሟ ግን በነዋሪው አንደበት እንዳለ ነው። በሁለቱም ገበያ ግድግዳ ላይ ሥዕል አይጠፋም። በአንዱ ወገን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያሉ፤ በሌላው ወገን ላክሽሚ በአበባ ላይ ቆማ፣ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ ተቀምጦ ይታያሉ።

እንዲህ ባለ ቅርበት እየኖርን አንዳችን የሌላችንን ሥዕል ማንበብ አለመቻላችን የሚያስገርም ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማረው ትውልድ ሒሳቡንና ሳይንሱን በአብዛኛው የቀሰመው ከሕንዳውያን መምህራን ነበር። ከመካከላቸው ክርስቲያኖችም ሂንዱዎችም ነበሩ። ቀመሩን ከእነርሱ ተቀበልን እንጂ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሥዕል ምን እንደሚል አልጠየቅናቸውም። ጥያቄውን አስቀድሞ የሚዘጋ አንድ ቃል ነበረን፤ እርሱም «ጣዖት» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በሃይማኖቶች መካከል ለመፍረድ ወይም ልዩነታቸውን ለመሸፈን አልተነሣም። የሚከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ የሂንዱን ሥዕል ለማንበብ የሚያስፈልገው ቁልፍ በአመዛኙ በገዛ ትውፊታችን ውስጥ እንደሚገኝ፣ በሥዕል ስም የሚነሣው ጠብም ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት።

የመተያየት ሥርዓት

«ሂንዱ» የሚለው ስም አንድ መሥራች፣ አንድ መጽሐፍና አንድ የእምነት መግለጫ ያለውን ሃይማኖት አያመለክትም። ቪሽኑን የሚያስቀድሙ፣ ሺቫን የሚያስቀድሙ፣ ዴቪ የተባለችውን የእናትነት ኀይል የሚያስቀድሙ ወገኖች አሉ። ከእነዚህም መካከል የማይታይና የማይወሰን አንድ ህላዌ ብቻ እንዳለ፣ አማልክቱም የእርሱ መገለጫዎች እንደ ሆኑ የሚያስተምሩ ጥንታውያን የፍልስፍና ጎራዎች ይገኛሉ። አብዛኞቹን የሚያገናኛቸው ግን «ዳርሻን» የሚባለው ሥርዓት ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ማየት ማለት ነው። ምእመኑ ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄደው በመጀመሪያ ደረጃ ስብከት ለመስማት አይደለም፤ ለማየትና ለመታየት ነው። እርሱ ምስሉን ያያል፤ ምስሉም እርሱን ያያል።

ስለዚህም ምስል ሲሠራ የመጨረሻው ሥራ ዓይን ነው። ቅርጹ ካለቀ በኋላ በጸሎት መካከል ዓይኑ ይከፈታል፤ «እስትንፋስን የማኖር» ሥርዓትም ይፈጸምለታል። ከዚያ በፊት እንጨት፣ ድንጋይ ወይም ሸራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማረፊያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው «ፑጃ» የተባለው አምልኮ እንደ ክቡር እንግዳ አቀባበል ያለ ነው። ይጠሩታል፣ መቀመጫ ያቀርቡለታል፣ እግሩን ያጥባሉ፣ ልብስ ያለብሱታል፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራትና ምግብ ያቀርቡለታል። መብራቱን በፊቱ በክብ እያዞሩ የሚያቀርቡበት ክፍል «አራቲ» ይባላል። ቀርቦ የተባረከው ምግብ «ፕራሳድ» ተብሎ ለሕዝቡ ይታደላል። ትምህርቱ የተለያየ ቢሆንም፣ ከዝክር በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲታደል ያደገ ሰው የነገሩን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም።

ለእኛም ሥዕል ማጌጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። «ሥዕለ አድኅኖ» የሚለው ስያሜ ራሱ የሚያድን፣ የሚማልድ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ በጸሎት ጊዜ ይገለጣል። ሠዓሊዎቻችንም የዓይን ሕግ አላቸው፦ ጻድቃን በሙሉ ፊታቸው ሁለት ዓይን ይዘው ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሁለት ዓይን ያለው ቅዱስ ተመልካቹን ያያል፤ አንድ ዓይን ያለው ግን ከተመልካቹ ጋር አይገናኝም።

ይሁን እንጂ ይህን ሕግ እንዳለ ወደ ሕንድ ሥዕል ማሻገር ያሳስታል። በራጃስታንና በሂማላያ ግርጌ በነበሩት መንግሥታት የተሣሉት ትናንሽ የወረቀት ሥዕሎች ክሪሽናንም ጠላቱንም ከጎን ነው የሚያሳዩት። በዚያ ከጎን መሣል የክፋት ምልክት ሳይሆን የትረካ ስልት ነው፤ ሰዎቹ የሚተያዩት እርስ በርሳቸው ነውና። ሥዕሉ ለአምልኮ በቀጥታ ሲቀርብ ግን ፊቱ ወደ ተመልካቹ ይዞራል፣ ዓይኑም ይሰፋል። በኦዲሻ ክፍለ አገር በፑሪ ከተማ የሚመለከው የጃጋናት ምስል ክብና ግዙፍ ዓይኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። በየዓመቱ ምስሎቹ በሥርዓት ከታጠቡ በኋላ «ታመዋል» ተብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሕዝብ ዓይን ይሰወራሉ። በዚያን ጊዜ በጨርቅ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ቦታቸውን ተክተው አምልኮውን ይቀበላሉ።

ገላን እንደ ፊደል ማንበብ

እንግዳውን ተመልካች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠው የእጆቹ ብዛት፣ የገላው ቀለምና የአራዊቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ የሚገባው፣ የእኛን ሥዕል የማያውቅ ሕንዳዊ በመጀመሪያ እይታ ምን ሊል እንደሚችል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አውጥተው፣ አንድ እግራቸው ተቆርጦ ከጎናቸው ወድቆ፣ በአንድ እግር ቆመው ይታያሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች ተከበዋል። ሥላሴ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነው ተቀምጠዋል፤ አርባዕቱ እንስሳም ዙፋኑን ከበውታል። ገድሉን ያነበበ ሰው በዚህ አይደናገጥም። ክንፉ ሥጋ ሳይሆን ጸጋ መሆኑን፣ የወደቀው እግርም በጸሎት የተቆመበትን ዘመን እንደሚናገር ያውቃል። ገላው ፊደል ነው።

የሂንዱም ሥዕል እንዲሁ ይነበባል። ዱርጋ የተባለችው አምላክ ብዙ እጅ ይዛ በአንበሳ ወይም በነብር ላይ ተቀምጣ፣ ጎሽ የሚመስለውን ማሂሻ የተባለ ጋኔን ስትወጋ ትታያለች። ተረኩ እንደሚለው ማሂሻን ወንድ ሊገድለው አይችልም ነበርና አማልክቱ ኀይላቸውን አስተባብረው እርሷን አስነሡ፤ እያንዳንዳቸውም መሣሪያቸውን ሰጧት። ስለዚህ በአንዱ እጇ የያዘችው ባለሦስት ጣት ጦር የሺቫ ነው፤ በሌላው የያዘችው የሚሽከረከር ስለታም ቀለበት የቪሽኑ ነው። የእጆቿ ብዛት የተዋጣ ኀይል ቍጥር ነው። ደራጎኑን ከሚወጋው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ያላት የአቋም መመሳሰል ከዓይን አያመልጥም።

የክሪሽና ገላ ሰማያዊ መሆንም ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። «ክሪሽና» ማለት ጥቁር ማለት ሲሆን፣ ሠዓሊዎች ጥቁረቱን ዝናብ ባረገዘ ደመና ቀለም ገለጡት። የዝናብ ወራትን በናፍቆት ለሚጠብቅ ገበሬ ከዚህ የበለጠ የውበት ቀለም የለም። ጋኔሻ መሰናክልን የሚያነሣ ነውና የሥራ፣ የጉዞና የመጽሐፍ መጀመሪያ ሁሉ በስሙ ይከፈታል፤ ያ ግዙፍ ገላ የሚጓዘው በአይጥ ላይ ነው። ቪሽኑ በዓለማት መካከል ሲያርፍ የሚተኛው ሼሻ በተባለው ባለብዙ ራስ እባብ ላይ ነው። ይህን ያየ ክርስቲያን አንባቢ ወዲያው የኤደን ገነትን እባብ ያስባል። ይልቁንስ ሊያስታውሰው የሚገባው አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸውን ዘንዶ ነው። በእኛም ሥዕል እባብ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም።

ሥርዓቱ ራሱ ሲሣል

የሕንድ ሠዓሊዎች አማልክቱን ብቻ ሳይሆን አምልኮውንም ሣሉ። ከሂንዱ የግድግዳ ሥዕሎች ጥንታውያን ከሆኑት መካከል የሚቈጠሩት ቅሪቶች በባዳሚ፣ በ578 ለቪሽኑ በተወሰነው ፍልፍል ዋሻ ውስጥ ይገኛሉ። በደቡብ በታንጃቩር ንጉሥ ራጃራጃ ያሠራውና በ1010 ገደማ የተፈጸመው የሺቫ ቤተ መቅደስ በውስጠኛው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ታላላቅ ሥዕሎች አሉት። እነዚህ ሥዕሎች በኋላ ዘመን በተሣሉ ሌሎች ሥዕሎች ተሸፍነው ቆይተው የታወቁት በ1931 ነው። ከመካከላቸው አንዱ የሚደንሰው ሺቫ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሲመለክ ያሳያል። ሥዕሉ አምላክን ብቻ ሳይሆን የሚያየውን ሕዝብ ጭምር መዝግቦ አቆይቷል።

ስደተኛን አንባቢ ይበልጥ የሚነካው ግን የናትድዋራ ታሪክ ነው። ሽሪናትጂ የሚባለው፣ ጎቫርዳን የተባለውን ተራራ በግራ እጁ ያነሣው የሕፃኑ ክሪሽና ምስል፣ መጀመሪያ የነበረው በሰሜን ሕንድ በብራጅ ምድር ነበር። በሞጎሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን ካህናቱ ምስሉን ይዘው በ1669 ተሰደዱ፤ ከብዙ እንግልት በኋላ በ1672 በሜዋር መንግሥት ጥበቃ ሥር ዛሬ ናትድዋራ በምትባለው ቦታ አሳረፉት። በዚያ የሠዓሊዎች መንደር በቀለ። የሚሥሉትም «ፒችዋይ» የተባለውን፣ ከምስሉ ጀርባ የሚሰቀለውን ታላቅ ጨርቅ ነው። ጨርቁ እንደ ወቅቱና እንደ በዓሉ ይለዋወጣል። በክረምት ደመናና ጣዎስ፣ በመከር የሙሉ ጨረቃ ሌሊት፣ ከመብራት በዓል ማግሥት ደግሞ እንደ ተራራ የተከመረ ምግብ ይሣልበታል። በብዙዎቹ ላይ ካህናቱ መብራት ሲያዞሩ ይታያሉ። ምስሉ በቀን ስምንት ጊዜ መጋረጃው ተገልጦ ለሕዝብ ይታያል። ስደተኛው ምስል ያጣውን አገር ሠዓሊዎቹ በጨርቅ ላይ መልሰው ሠሩለት ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ካህናት ንዋያተ ቅድሳትን ወደ ደሴትና ወደ ዋሻ አሽሽተዋል። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል የጎንደር ነገሥታትን ተከትሎ ይዘምት ነበር። ይኸው ሥዕል በ1868 በመቅደላ በእንግሊዙ የሙዚየም ሰው በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ገብቶ ከአገር ወጣ። የናትድዋራው ምስል ሲሰደድ ካህናቱና ሠዓሊዎቹ አብረውት ተሰደዱ፤ የእኛው ግን ብቻውን ሄደ።

ሥርዓታዊ ሥዕል የቤተ መንግሥትና የካህናት ሥራ ብቻም አይደለም። በቢሃር ክፍለ አገር በሚቲላ፣ ሴቶች ሙሽሮች የሚያርፉበትን ክፍል ግድግዳ በሎተስ አበባ፣ በቀርከሃ፣ በዓሣና በአማልክት ሥዕል ያስጌጣሉ፤ ትርጕሙ መውለድና መብዛት ነው። የ1934ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ግድግዳዎቹን ሲያፈርስ ሥዕሎቹ በውጭ ሰው ዓይን መታየት ጀመሩ። በ1966 እና 1967 ድርቅ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ለኑሯቸው መደጎሚያ በወረቀት ላይ እየሣሉ እንዲሸጡ ተበረታቱ። ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የሠርግ ጸሎት በዚህ መንገድ የገበያ ሸቀጥም ሆነ፤ እንደ ሲታ ዴቪና እንደ ጋንጋ ዴቪ ያሉ በስማቸው የታወቁ ሠዓሊያትንም አፈራ።

የተሻገሩ እጆች

የሂንዱን ሥዕል የሠሩት ሂንዱዎች ብቻ አይደሉም። የሞጎሉ ንጉሥ አክበር፣ እስላም ሆኖ ሳለ፣ ማሃባራታን በ1580ዎቹ ወደ ፋርስ ቋንቋ አስተርጕሞ በሥዕል አስጌጦታል። በሜዋር ለንጉሥ ጃጋት ሲንግ በ1649 እና በ1653 መካከል የተዘጋጀውን ታላቅ የራማያና መጽሐፍ ከሣሉት ዋነኛው ሳሂብዲን እስላም ነበር። በዚያው በአክበር ቤተ መንግሥት በ1580 ከጎዋ የመጡ ኢየሱሳውያን በሮም የምትገኘውን የሳንታ ማሪያ ማጆሬን ሥዕል ቅጂ አቀረቡ። የዚሁ ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ለተሣሉት የእመቤታችን ሥዕሎቻችን ዋና ምሳሌ ሆነ። አንድ የሮም ሥዕል የሞጎልንም የጎንደርንም ሠዓሊዎች አስተምሯል ማለት ነው።

ከዚህ እጅግ የቀደመ መገናኛም አለ። በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የሚሆኑ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ኩሻኖች በክርስትና የመጀመሪያ መቶ ዓመታት ሰሜን ሕንድንና አፍጋኒስታንን የገዙ ነገሥታት ናቸው። ከሳንቲሞቹ መካከል የንጉሥ ቪማ ካድፊሰስ ይገኙበታል፤ የዚህ ንጉሥ የወርቅ ሳንቲሞች ጀርባ ላይ ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ከሺቫ ጋር የሚያዛምዱት አምላክ ተቀርጿል። ሳንቲሞቹ በአክሱም ዘመን በቀይ ባሕር ንግድ የመጡ መሆናቸው ይታመናል። ወደ ገዳሙ በምንም መንገድ ይግቡ፣ በዘንዶ ተረድተው የወጡት ጻድቅ በመሠረቱት አምባ ላይ የሕንድ አምላክ ምስል ተቀብሮ ኖሯል።

ስለ ሥዕል የተነሣ ጠብ

«ጣዖት» የሚለው ክስ ከውጭ ብቻ የሚሰነዘር ከመሰለን እንሳሳታለን። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችን ሥዕል ክብርና ስግደት እንዲሰጥ ባዘዙ ጊዜ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው አንሰግድም አሉ። ለእምቢታቸው የተቀበሉትን ግርፋት፣ የአካል መቈረጥና ሞት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2004 ወደ አማርኛ መልሰው ባሳተሙት ገድላቸው ውስጥ እናነባለን። በዚያው ዘመን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ የምትገኘውን ድንቅ የእመቤታችንን ሥዕል ሣለ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ለሥዕል አንሰግድም ያሉት የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ጉንዳ ጉንዴ ራሱ እጅግ ያማሩ ሥዕለ መጻሕፍት ትቶ ማለፉ ነው። የጉንዳ ጉንዴ የብራና መጻሕፍት በ2006 ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ዛሬ ከኢስት ዮርክ በስተምሥራቅ ባለው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስካርቦሮ ቅጥር ግቢ አማካይነት ለተመራማሪ ቀርበዋል። ጠቡ በሥዕል መኖር አልነበረም፤ በሥዕል ፊት ማን ማንን ያሰግዳል በሚለው ላይ ነበር።

ሕንድም ይህንኑ ጠብ አይታለች። ራም ሞሃን ሮይ በ1828 የመሠረቱት ብራሞ ሳማጅና ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 የመሠረቱት አርያ ሳማጅ፣ ሁለቱም ሂንዱዎች ሆነው፣ ለምስል መስገድን ተቃውመዋል። በሌላ በኩል ሠዓሊው ራጃ ራቪ ቫርማ በ1894 በቦምቤይ የማተሚያ ድርጅት አቋቁሞ የአማልክቱን ሥዕል በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ አዳረሰ። በዝቅተኛ መደብ ተቈጥሮ የቤተ መቅደሱ ደጅ የተዘጋበት ሰው ላክሽሚን በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊያያት ቻለ። ዛሬ በገራርድ ጎዳና ሱቆች የሚታየው ሥዕል የዚያ ማተሚያ የልጅ ልጅ ነው። ያው የታተመ ሥዕል ግን ለሥልጣንም አገልግሏል። ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ በ1992 በአዮድያ መስጊዱ እስከ ፈረሰበት ቀንና ከዚያም በኋላ፣ በፖለቲካ ሰልፎች የሚያዘው የራማ ሥዕል የጥንቱ ርኅሩኅ ፊት ቀርቶበት ቀስቱን የገተረ ጦረኛ ሆነ።

የዚህን ዋጋ ከከፈሉት አንዱ ሠዓሊው ማቅቡል ፊዳ ሁሴን ነው። በ1915 ከእስላም ቤተሰብ ተወልዶ የማሃባራታን ታሪክ የሣለ፣ ሥራውንም በ1971 በሳኦ ፓውሎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ያሳየ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ የሣላቸው የአማልክት እርቃን ሥዕሎች በ1996 በአንድ መጽሔት በታተሙ ጊዜ የክስና የዛቻ መዓት ወረደበት። በ2006 አገሩን ለቀቀ። በ2008 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሶቹን ቢሰርዝም አልተመለሰም፤ በ2010 የካታር ዜግነት ተቀበለ፤ በ2011 ለንደን ላይ ዐረፈ። «ጎልጎታ»ን የሣለው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 በአሜሪካ በስደት መሞቱን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ የሁሴንን ታሪክ ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል።

መደምደሚያ

በገራርድ ጎዳና ከሚገበያዩት ሂንዱዎች ብዙዎቹ ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ስደተኞች ናቸው። አያቶቻቸው ከ1838 ጀምሮ በውል ሠራተኝነት ወደ ጋያናና ወደ ትሪኒዳድ የተጋዙ፣ ወይም ራሳቸው ከ1983ቱ የስሪላንካ እልቂት ወዲህ የሸሹ ታሚሎች አሉባቸው። መቅደሳቸውን ተሸክመው መውጣት አልቻሉም፤ ሥዕሉን ግን ያዙ። በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ሥዕል፣ አንድ መብራትና ጥቂት አበባ ሲቀመጡ ቤተ መቅደስ ተተከለ ማለት ነው። በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም በ2008 በተከፈተው የደቡብ እስያ አዳራሽ መስተዋት ውስጥ ያሉት ምስሎች ደግሞ ይታያሉ፤ መብራት የሚያዞርላቸው ግን የለም። የእኛም ሥዕሎች በለንደንና በፓሪስ ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው።

እንግዲህ ከሁለት ዓይነት ስሕተት መጠበቅ ይገባናል። አንደኛው ከውጭ ሆኖ፣ ሳያነብቡ «ጣዖት» ወይም «ጌጥ» ብሎ መፈረጅ ነው፤ ሁለቱም ቃላት ሥዕሉን ዓይን የሌለው ያደርጉታል። ሁለተኛው ከውስጥ ሆኖ፣ ሥዕልን የሥልጣን በትር አድርጎ ሌላውን ማስገደድ ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት ጎረቤቶቻችን በእኛ ላይ፣ እኛም በእነርሱ ላይ ፈጽመነዋል። ሁለተኛውን የዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም አዮድያም አሳይተውናል። የሥዕል ሊቃውንቶቻችን ቅዱሱን በሁለት ዓይን የሣሉት ተመልካቹን እንዲያይ ብለው ከሆነ፣ የሰውን ሥዕል በአንድ ዓይን ማየት ለእኛ አይገባም።